የኦክስፎርድ ሰዓት ምንድን ነው?

እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ ውስጥ፣ ከክራይስት ቸርች ኮሌጅ ዋና በር በላይ ያለው ደወል በየምሽቱ 101 ጊዜ ይመታል። የሚጀምረው ከምሽቱ 3:05 (በፈረንጆቹ 9:05) ነው። ለእንግዳ ሰው አምስት ደቂቃ የዘገየ ይመስላል። አልዘገየም፤ በኦክስፎርድ ሰዓት ልክ 3 ሰዓት ነው።

የኦክስፎርድ ሰዓት ማለት ከተማዋ በራሷ ፀሐይ የቆጠረችው ሰዓት ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይደርሳል። ኦክስፎርድ ከግሪንዊች (ለንደን ውስጥ ያለ፣ የምሥራቅና የምዕራብ ዲግሪ ከዜሮ የሚቆጠርበት ቦታ) በስተምዕራብ 1 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ላይ ስላለች ቀትሯ 5 ደቂቃ ይዘገያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቅጣጫው ላይ ነው፦ ለምዕራብ ይቀነሳል፣ ለምሥራቅ ይደመራል። በዚሁ ስሌት፣ በስተምሥራቅ 38 ዲግሪ ከሦስት ሩብ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ግሪንዊችን በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ትቀድማለች። የእጅ ሰዓታችን ግን የሚቀድመው በ3 ሰዓት ሙሉ ነው፤ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው በአማካይ 6:25 ገደማ የሆነው ለዚህ ነው።

በፈረስ ለሚጓዝ ሰው አምስት ደቂቃ ከቁጥር አትገባም ነበር። ባቡር ግን በየከተማው ፀሐይ ሊሄድ አይችልም፤ የግሬት ዌስተርን ባቡር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1840 የለንደንን ሰዓት ያዘ። የኮሌጁ ግንብ ሰዓት በዚያ ዘመን ሁለት የደቂቃ ዘንጎች ነበሩት፦ አንዱ ለኦክስፎርድ፣ አንዱ ለግሪንዊች። በ1880 የግሪንዊች ሰዓት ለመላው ብሪታንያ ሕግ ሆነ። የምሽቱ ደወል ግን ከቦታው አልተነሳም።

ደወሉ «ታላቁ ቶም» ይባላል። ከኦዝኒ ገዳም የመጣ ሲሆን በ1680 እንደገና ቀልጦ ተሠራ፤ ክብደቱ ከ6 ቶን ይበልጣል። የተሰቀለበትን ግንብ በ1681 እና 1682 የነደፈው ክሪስቶፈር ሬን ነው። ኮሌጁ ራሱ ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ ካርዲናል ዎልሲ በ1525 መሠረተው፣ ዎልሲ ከሥልጣን ከወደቀ በኋላ ደግሞ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1546 እንደገና አቋቋመው።

101 ምሥጢራዊ ቁጥር አይደለም፤ የስም ዝርዝር ነው። ኮሌጁ ሲቋቋም አባላቱ 100 ነበሩ፣ በ1663 አንድ ተጨመረ። ለእያንዳንዱ አንድ ምት ማለት ነው። ደወሉም በሮች የሚዘጉበት ምልክት ነበር፤ የሰማ ተማሪ ወደ ግቢው መግባት ነበረበት።

በማርች መጨረሻ እንግሊዞች ሰዓታቸውን በ1 ሰዓት ወደፊት ሲገፉ ደወሉም አብሮ ይገፋል። ስለዚህ ለመስማት የሄደ ሰው በማንኛውም ወር የስልኩን ሰዓት አይቶ 3:05 ላይ በሩ ፊት ቢቆም አያመልጠውም።