«ራሱን የቻለ ነዋሪ» ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ ብሎክ ሥር፣ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይፈላል። ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ጋሼ ስልካቸውን ይዘው መጡ። «አንተ ልጅ፣ እስቲ ይቺን አድምጥልኝ» አሉኝ። ቲክቶክ ላይ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ እየጮኸ ነው። «ሥራ አያስፈልግም! ስፖንሰር አያስፈልግም! ራስን መቻል ብቻ! የአውሮፓ የመኖሪያ ፈቃድ!» ጋሼ ሳቁ። «እኔ እኮ ከሃያ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ራሴን ችያለሁ» አሉ።

ነገሩ የሚበላሸው እዚችው ቃል ላይ ነው።

እኛ «ልጁ ራሱን ቻለ» ስንል ሥራ ያዘ፣ ከወላጆቹ ጓዳ ወጣ ማለታችን ነው። የቪዛው ቋንቋ የሚለው ሌላ ነው። እዚያ ራሱን የቻለ የሚባለው፣ በሚሄድበት አገር ምንም ሳይሠራ መኖር የሚችል ሰው ነው። ቢተኛም ቢነሳም ገንዘቡ በየወሩ ይገባል። በድሮው አነጋገር ስንቁን ይዞ የሚመጣ እንግዳ በሉት። ቤት ስጡኝ እንጂ እንጀራ ስጡኝ አይልም።

ሐሳቡ በአውሮፓ ሕግ ውስጥ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከዚያ በፊት አንድ የአውሮፓ ማኅበረሰብ አገር ዜጋ ወደ ሌላው አባል አገር ሄዶ የመኖር መብቱ በዋናነት ከሥራ ጋር የታሰረ ነበር። በ1990 ለተማሪዎች፣ ለጡረተኞችና የራሳቸው ገቢ ላላቸው ሰዎች በር ተከፈተ። ከዚያ በ2004 በወጣው መመሪያ ተጠቃለለ። ዋናዎቹ ቅድመ ሁኔታዎች ሁለት ናቸው፤ በቂ ገንዘብና የተሟላ የጤና መድን። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መጪው ሰው የአገሩ የማኅበራዊ እርዳታ ሸክም እንዳይሆን ነው። ይህ ለራሳቸው ዜጎች ነው። እንደ እኛ ከውጭ ለሚመጣ ሰው እያንዳንዱ አገር የራሱ በር አለው፤ ይክፈተው ይዝጋው የራሱ ፈንታ ነው። የሚጠየቁት ነገሮች ግን ዞሮ ዞሮ እነዚያው ሁለቱ ናቸው።

ስሙ በብዛት የሚነሳው የፖርቱጋሉ ዲ7 የሚባለው ቪዛ ነው። መለኪያው የአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። በ2025 ይህ በወር 870 ዩሮ ነበር። ለትዳር ጓደኛ ግማሹ፣ ለልጅ 30 በመቶው ይጨመራል። ስለዚህ በዚያ ዓመት ባልና ሚስት 1,305 ዩሮ ማሳየት ነበረባቸው። የደመወዝ ወለሉ ባደገ ቁጥር ይህም አብሮ ያድጋል። ስፔን ደግሞ ኢፕሬም የሚባል የመንግሥት የገቢ መለኪያ አላት፤ በወር 600 ዩሮ ነው። ራሱን የቻለ ነኝ የሚል ሰው የዚህን አራት እጥፍ፣ ማለትም በወር 2,400 ዩሮ ማሳየት አለበት። አብሮት ለሚሄድ ለእያንዳንዱ ሰው ሌላ 600 ይጨመራል። ግሪክ ከ2024 ጀምሮ 3,500 ዩሮ ትጠይቃለች።

ጋሼ ወዲያው ሒሳብ ገቡ። አንድ የሚያከራዩት ኮንዶሚኒየም አላቸው። በወር 15,000 ብር ያስገባልኛል እንበል አሉ። አንዱን ዩሮ በ170 ብር ብንመታው 870 ዩሮ ወደ 148,000 ብር ይሆናል። ለፖርቱጋል አስር ኮንዶሚኒየም ሊያስፈልጋቸው ነው። ለስፔን ሃያ ስምንት። «አንዱን እኮ በዕጣ ነው ያገኘሁት!» አሉ። ሲኒውም ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

መጠኑ ግን ግማሹ ታሪክ ነው። ቆንስላው «ስንት አለህ?» ብሎ አያበቃም። «ከየት ይመጣል? ነገም ይመጣል?» ይላል። ጡረታ፣ የቤት ኪራይ፣ የአክሲዮን ትርፍ፣ የባንክ ወለድ ይቆጠራሉ። አዲስ አበባ ቢሮ ገብተህ የምታገኘው ደመወዝ ለዚህ አይሆንም። አውሮፕላን ስትሳፈር ይቋረጣላ! እዚያ ደርሼ ሥራ አገኛለሁ ማለትም አያስኬድም። በተለይ የስፔኑ ፈቃድ ሥራ መሥራትን ይከለክላል፤ ስሙ ራሱ «ገቢ የማያስገኝ» የሚል ነው። ስለዚህ በዚህ ቪዛ ልኬህ ሥራ አስይዝሃለሁ የሚል ሰው ካጋጠመህ፣ ወይ ቪዛውን አያውቀውም፣ ወይ አንተን አውቆሃል።

አሁን ወደ ዋናው የእኛ በሽታ ልምጣ። ብር ተበድሮ አካውንት ማሳበጥ። ለቪዛ ብለን ከዘመድ፣ ከእቁብ፣ ከጓደኛ ሰብስበን ባንክ እናስገባለን። ስቴትመንቱ ይወጣል። በሳምንቱ ገንዘቡ ወደ ባለቤቶቹ ይመለሳል። እኔም አንድ ጊዜ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ ሞክሬዋለሁ፤ ተከለከልኩ፤ አልደነቀኝም። ራሱን ለቻለ ነዋሪ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። የሚታየው የወራት እንቅስቃሴ ነው። ለአምስት ወር 8,000 ብር ሲንከላወስበት የነበረ ደብተር በስድስተኛው ወር ድንገት ሁለት ሚሊዮን ሲገባበት፣ የሚያየው ሰው ሕፃን አይደለም። የጡረታ ደብተር፣ የኪራይ ውል፣ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ብዙ አከራይ ይወድቃል። ውል በቃል ነው፣ ኪራዩ በእጅ ነው፣ ግብሩም ያው የምናውቀው ነው። ገንዘቡ በእርግጥ ይገባል፤ ወረቀት ግን የለውም።

ሁለተኛው እንቅፋት ብሩ ራሱ ነው። ሐምሌ 2016 መጨረሻ ላይ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ብር በዩሮ ሲለካ ብዙ ወርዷል። ዓምና ይበቃ የነበረ ገቢ ዘንድሮ ላይበቃ ይችላል። የምንዛሪ ሥራ ደግሞ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚገዛ ነው። ብር አለኝ ማለትና በየወሩ ዩሮ አድርጌ አወጣዋለሁ ማለት ለየብቻ ናቸው፤ ከማንኛውም ክፍያ በፊት የራስን ባንክ መጠየቅ ይሻላል። በጥቁር ገበያ ይደረሳል የሚል አይጠፋም። ወንጀልነቱን ወደ ጎን ብንለው እንኳ፣ ቆንስላው የሚፈልገው የባንክ ዱካ ነው፤ ጥቁር ገበያ ደግሞ ዱካ አይተውም።

ታዲያ ከእኛ መሃል ለማን ይሆናል? ለጥቂቶች። ለምሳሌ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰዎች አሉ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመ ነው፤ መቀመጫውም አዲስ አበባ ነው። እነሱን የመሰሉ ሰዎች ጡረታቸው በዶላር የሚሰላ ነው። አሜሪካ ለዓመታት ሠርተው ጡረታ ያላቸውም አሉ። ለእንዲህ ያለው ሰው ይህ በር በትክክል የተሠራለት ነው።

ቤቱ ሆኖ በላፕቶፕ ለውጭ ድርጅት የሚሠራው ወጣት ግን በዚህ በር አይገባም። እሱ እየሠራ ነውና የራሱ በር አለው። ፖርቱጋል ዲ8 የሚባለውን በ2022 ለዚህ ከፍታለች፤ መጠኑም የዝቅተኛው ደመወዝ አራት እጥፍ ነው፣ በ2025 ሒሳብ 3,480 ዩሮ። ልጁ እዚያ ስላለ ብቻ መሄድ የሚፈልግ አባት ደግሞ መጠየቅ ያለበት የቤተሰብ ማገናኘትን ነው። ያኔ የሚመረመረው የልጁ ገቢ ነው። ቤት ገዝቶ መግባት የሚባለውም ሌላ ነው፤ ወርቃማ ቪዛ ይሉታል። ስፔን በኤፕሪል 2025 ዘግታዋለች። ጉዳይ አስፈጻሚዎቹ አራቱንም በአንድ ማንኪያ ያማስሏቸዋል።

የቀረው ወረቀት ነው። ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ የልደትና የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ ትርጉም፣ የውጭ ጉዳይ ማኅተም። በፖርቱጋል በኩል የሚያድሩበት ቤት ማስረጃም ይጠየቃል። የጤና መድኑን አደራ። የመንገደኛ መድን አይበቃም፤ ስፔን በአገሯ እንዲሠራ ከተፈቀደለት ኩባንያ የተገዛ፣ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መድን ነው የምትፈልገው። ፈቃዱ ቢሰጥም ለዘላለም አይደለም። ፖርቱጋል መጀመሪያ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ትሰጣለች። በእድሳቱም ገቢው አሁንም እንዳለ ይታያል። አምስት ዓመት ሲሞላ ቋሚ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል።

ጋሼ አንድ ነገር አስጨንቋቸው ነበር። «ከሄድኩ ኢትዮጵያዊነቴን ላጣ ነው?» አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድ ዜግነትን አይነካም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊነት የሚታጣው ሰውየው በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ሲይዝ ነው። ፓስፖርታቸውም ያው ፓስፖርት ነው።

ሰኞ ዕለት ጋሼ ባንክ ሄደው የስድስት ወር ስቴትመንት አስወጡ። ለማየት ያህል ነው አሉኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጠን አየነው። ጡረታው በገባ በማግስቱ ወጥቷል፤ በሁሉም ወር። ኪራዩ አንድም ጊዜ የለም፤ ተከራዩ በእጃቸው ነው የሚሰጣቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ልጄን ለሁለት ወር አይቼ ለመምጣትስ?» አሉ። ልጃቸው ያለችው ጣሊያን ነው። ለዚያ የጉብኝት ቪዛ እንዳለ፣ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን እንደሚያስቆይ፣ ልጅቷም የግብዣ ደብዳቤ መላክ እንደምትችል ነገርኳቸው። «ይኸው እኮ ነው የፈለግኩት» አሉና ለልጃቸው ለመደወል ስልካቸውን አወጡ። የኪራይ ውሉን ግን ለማንኛውም በጽሑፍ አድርገውታል።