«ከ30 ካለፈ ኖርማል ነው» እና ሌሎች የስታቲስቲክስ ክፍል የተሳሳቱ አመለካከቶች

የቢዝነስ ተማሪ ከሚፈራቸው ኮርሶች መካከል የመግቢያ ስታቲስቲክስ ከፊት ይሰለፋል። አካውንቲንግም ሆነ ማርኬቲንግ ወይም ማኔጅመንት ብታጠኑ አታመልጡትም። ብዙው ተማሪ ፎርሙላውን ሸምድዶ ፈተናውን ይገላገላል። ኮርሱ ቢያልቅም የተሳሳተው ግንዛቤ ግን አብሮ አያልቅም። መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ብቅ ይላል፤ ከዚያም ሥራ ቦታ ሪፖርት ውስጥ ይገባል። ከታች ያሉት ደጋግመው የሚሰሙ ናቸው። አንዳንዶቹ በጥቂት መስመር ይስተካከላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መቀመጥን ይጠይቃሉ።

«ሒሳብ ስለማልችል ስታቲስቲክስ አይገባኝም»

የመግቢያው ኮርስ ሒሳብ ከመደመር፣ ከማካፈልና ከስኩዌር ሩት ብዙም አያልፍም። እሱንም ካልኩሌተር ይሠራዋል። ተማሪን የሚጥለው ጥያቄውን በደንብ አለማንበብ ነው።

ሁለት ጥያቄዎችን እንይ። «አዲሱ ማሸጊያ ሽያጩን ለውጦታል ወይ?» እና «አዲሱ ማሸጊያ ሽያጩን ጨምሮታል ወይ?» ዳታው ያው ነው፤ ፎርሙላውም ያው ነው። የመጀመሪያው ግን መጨመርንም መቀነስንም ስለሚመለከት ባለ ሁለት ጎን ፈተና ነው። ሁለተኛው ባለ አንድ ጎን ነው። በ5 በመቶ ደረጃ (ለውጥ ሳይኖር በስህተት «አዎ» የማለት ዕድላችን 5 በመቶ ሲሆን) ከስሌቱ የሚወጣው ዜድ የተባለው ቁጥር ማለፍ ያለበት መቁረጫ ለመጀመሪያው 1.96 ሲሆን ለሁለተኛው 1.645 ነው። ስሌታችሁ 1.8 ቢመጣ ለሁለተኛው ጥያቄ «አዎ» ትላላችሁ፤ ለመጀመሪያው ግን ማስረጃው አይበቃም። በካልኩሌተር የጎበዘ ተማሪም እዚህ ጋ ይወድቃል። ደግሞም የትኛውን እንደምትጠይቁ ዳታውን ሳታዩ መወሰን አለባችሁ። ውጤቱን አይቶ ወደሚያዋጣው ጎን መዞር ማጭበርበር ነው።

«የሳይንቲስቶች ነገር ነው፤ ለቢዝነስ ምን ይሠራል?»

በየመማሪያ መጽሐፉ ያለው ቲ-ቴስት (የአማካዮችን ልዩነት የሚፈትነው ዘዴ) የተወለደው ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ዊልያም ጎሴት ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ገብሱን ሆነ ሌላውን ጥሬ ዕቃ በሺህ ጊዜ መፈተን አይቻልም፤ በጣት ከሚቆጠሩ ናሙናዎች ውሳኔ ላይ መድረስ ነበረበት። የዘመኑ ዘዴ ደግሞ ለትልልቅ ናሙና የተሠራ ነበር። ጎሴት ለትንንሾቹ የሚሆነውን መንገድ አግኝቶ በ1908 አሳተመ። ሠራተኞች በስማቸው እንዲያሳትሙ ኩባንያው ስለማይፈቅድ «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ወጣ። ዛሬም ድረስ «የስቱደንት ቲ» የምንለው ለዚህ ነው። እናም ስታቲስቲክስ ለቢዝነስ ባዳ ነው የሚል ሰው ታሪኩን ገልብጦታል።

«አማካይ ማለት የተለመደው ሰው ማለት ነው»

አሥር ሰው ያለበት ድርጅት እናስብ። ዘጠኙ በወር 10 ሺህ፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ 110 ሺህ ያገኛሉ። ድምሩ 200 ሺህ፣ አማካዩ 20 ሺህ ነው። እዚያ ቤት ግን 20 ሺህ የሚያገኝ አንድም ሰው የለም። ደመወዛቸውን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መሃሉን የሚያየው ሚዲያን 10 ሺህ ይላል። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ወደ አንድ ሚሊዮን ቢያድግ አማካዩ ሰማይ ይነካል፤ ሚዲያኑ ንቅንቅ አይልም።

ይህ ማለት ግን አማካይ ውሸታም ነው ማለት አይደለም። የፋይናንስ ክፍሉ «ለደመወዝ በጀት ስንት ልያዝ?» ብሎ ከጠየቀ አማካይን በሰው ብዛት ማባዛት ይበቃዋል፤ ሚዲያን እዚህ ምንም አይረዳውም። «አዲስ የሚቀጠር ሰው ስንት ይጠብቅ?» ለሚለው ግን ሚዲያን ይሻላል።

«ናሙናው ከ30 ካለፈ ዳታው ኖርማል ይሆናል»

ይሄኛውን ከመምህር አፍ እንኳ መስማት የተለመደ ነው። ኖርማል የሚባለው መሃሉ ከፍ ብሎ ሁለቱ ጎኖቹ እኩል የሚወርዱ፣ የደወል ቅርጽ ያለው ዳታ ነው። የደንበኞች ወጪ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከሆነ 30 ሰው ብትጠይቁም ያዘነበለ ነው፤ 30 ሺህ ብትጠይቁም ያዘነበለ ነው። እንዲያውም ናሙናው ሲበዛ ማዘንበሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የዚህ አባባል መነሻ የሆነው ሴንትራል ሊሚት ቲዎረም የሚያወራው ስለ ዳታው ሳይሆን ስለ ናሙናው አማካይ ነው። 30 ሰው መርጣችሁ አማካይ ያዙ። እንደገና ሌላ 30 መርጣችሁ ሌላ አማካይ ያዙ። ይህን ደጋግማችሁ አማካዮቹን ብቻ በሂስቶግራም (የትኛው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደመጣ በሚያሳይ ሥዕል) ብትስሉ፣ ወደ ደወል ቅርጽ የሚጠጋው እሱ ነው። 30 የምትለዋም ቁጥር ልማድ እንጂ ሕግ አይደለችም። ዳታው ሚዛናዊ ከሆነ ከዚያ ያነሰ ይበቃል፤ ጥቂት ግዙፍ ደንበኞች ሽያጩን የሚቆጣጠሩበት ከሆነ ግን መቶም ላይበቃ ይችላል።

«ናሙና በበዛ ቁጥር እውነቱ ይቀርባል»

በ1936 በአሜሪካ ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ለፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ መጠይቆችን በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሞልተው ተመለሱ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ አልፍሬድ ላንደን ሩዝቬልትን በሰፊው ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ወደ 61 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። ላንደን የቀናው በሁለት ግዛቶች ብቻ ነበር። የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ጆርጅ ጋሎፕ ደግሞ እጅግ ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ገምቶ ነበር።

የመጽሔቱ ስም ዝርዝር በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ የመጣ ነው። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ደህና ኑሮ ያለው ነው። ከዚያ ውስጥም መልስ የላከው ጥቂቱ ነው፤ ለመመለስ የተነሳሳው ሰው ደግሞ ዝም ካለው ሊለይ ይችላል። እንዲህ ያለው አድልዎ ናሙና በማብዛት አይጠፋም። የተሳሳተውን መልስ ይበልጥ በልበ ሙሉነት እንድንናገር ነው የሚያደርገን። በኦንላይን የሚበተን የእርካታ መጠይቅም ችግሩ ይኸው ነው። የሚሞላው በጣም የተደሰተው ወይም በጣም የተናደደው ይሆናል፤ መሃል ያለው ዝም ብሎ ያልፋል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላም አለ፤ «ናሙናው የሕዝቡ 10 በመቶ መሆን አለበት» የሚል። ሕዝቡ ከናሙናው በጣም እስከበለጠ ድረስ ወሳኙ የናሙናው መጠን እንጂ የሕዝቡ ብዛት አይደለም። በዕጣ የተመረጡ 1,000 ሰዎች ለአንድ ከተማም ሆነ ለአንድ አገር ወደ 3 በመቶ ገደማ የስህተት ወሰን ይሰጣሉ። ይህን ወሰን በግማሽ መቀነስ ከፈለጋችሁ ግን ሁለት ሺህ አይበቃም። አራት ሺህ ያስፈልጋል፤ ፎርሙላው ውስጥ ያለችው ስኩዌር ሩት በጀቱን የምታናጋው እዚህ ላይ ነው።

«ፒ-ቫልዩ 0.03 ከሆነ 97 በመቶ እርግጠኞች ነን»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሞልቷል፤ የኩባንያ ስብሰባ ላይም አይጠፋም።

አንድ ማስታወቂያ ፈትነን ፒ-ቫልዩ 0.03 መጣ እንበል። ፒ-ቫልዩ የሚነሳው «ማስታወቂያው ምንም ለውጥ ባያመጣ ኖሮ» ከሚል ግምት ነው። እንደዚያ ቢሆን፣ ያየነውን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል 3 በመቶ ነው ይላል። በቃ። ማስታወቂያው የመሥራቱ ዕድል ስንት እንደሆነ አልተናገረም። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበርም በ2016 ባወጣው መግለጫ ፒ-ቫልዩ መላምቱ እውነት የመሆኑን ዕድል እንደማይለካ በግልጽ ጽፏል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ለሚመስለው በቁጥር እንየው። አንድ ድርጅት 1,000 የማስታወቂያ ሐሳቦችን ፈተነ እንበል። በእውነት የሚሠሩት 100 ናቸው፤ 900ዎቹ ዋጋ ቢስ ናቸው። ፈተናው የሚሠራውን ሐሳብ ከመቶ 80 ጊዜ ይይዘዋል። የማይሠራውን ደግሞ ከመቶ 5 ጊዜ በስህተት «ይሠራል» ይላል፤ ፒ-ቫልዩ ከ0.05 ካነሰ ውጤቱ «ሲግኒፊካንት» ይባላል፤ የ0.05 መቁረጫ ትርጉሙ ይህ ነው። ስለዚህ ከ100ዎቹ ጥሩ ሐሳቦች 80 ያልፋሉ። ከ900ዎቹ ደግሞ 45 ያልፋሉ። ጠረጴዛው ላይ 125 «ሲግኒፊካንት» የተባሉ ሐሳቦች ተቀምጠዋል፤ 45ቱ ባዶ ናቸው። 36 በመቶ ማለት ነው! «የምንሳሳተው 5 በመቶ ብቻ ነው» ብሎ በጀት የመደበ ሥራ አስኪያጅ ከሦስት አንድ በላይ ገንዘቡን ነፋስ ላይ በትኗል።

0.05 ራሷም ከሰማይ አልወረደችም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር በ1925 ከሃያ ጊዜ አንዴ የምትለዋን መስፈርት ለአሠራር ምቹ ናት ብሎ ነው ያስቀመጣት። 0.049 «ተሳካ»፣ 0.051 «ከሸፈ» ብሎ መፈረጅ በእኔ እይታ ትርጉም የለሽ ነው።

«ሲግኒፊካንት ካልሆነ ልዩነት የለም»

ማስረጃ አለመገኘትና ልዩነት አለመኖር ይለያያሉ። 20 ደንበኛ ጠይቃችሁ ልዩነት ካላያችሁ፣ ናሙናው ትንሽ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው በሚሊዮን ደንበኛ ላይ የ0.1 በመቶ ለውጥ እንኳ ሲግኒፊካንት ሊሆን ይችላል፤ ወጪውን መሸፈኑ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከፒ-ቫልዩው ጎን የልዩነቱን መጠን ጻፉ።

«95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል 95 በመቶውን ደንበኛ ይይዛል»

አይይዝም። ኢንተርቫሉ (ከናሙናው የተገመተው ክልል) ስለ አማካዩ ነው የሚያወራው። የደንበኞች አማካይ የጥበቃ ጊዜ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ነው ከተባለ፣ 3 ደቂቃ የጠበቀም 40 ደቂቃ የጠበቀም ሰው በብዛት ሊኖር ይችላል።

«ኮሪሌሽኑ ዜሮ ስለሆነ ግንኙነት የላቸውም»

ኮሪሌሽን (ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚለካው ቁጥር) የምክንያትና ውጤት ማስረጃ እንዳልሆነ ሁሉም ሸምድዶታል፤ አልደግመውም። ይቺኛዋ ግን ትረሳለች። ዋጋን 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 አድርጋችሁ፣ ትርፉ በቅደም ተከተል 2፣ 5፣ 6፣ 5፣ 2 ሆነ እንበል። ኮሪሌሽኑን አስሉት፤ ድፍን ዜሮ ይመጣል። ግንኙነቱ ግን ለዓይን የሚታይ ነው። ዋጋው ሲያንስ ትርፍ የለም፣ ሲበዛ ገዢ የለም፤ ጥሩው መሃል ላይ ነው። ይህን የሚያስወስን መረጃ በዜሮ ምክንያት ቅርጫት ውስጥ ሊገባ ነበር። ኮሪሌሽን የሚለካው በቀጥታ መስመር የሚሄድ ግንኙነትን ብቻ ነው።

ፍራንሲስ አንስኮምብ በ1973 አራት ትንንሽ የዳታ ስብስቦችን ሠርቶ አሳይቷል። አማካያቸው፣ የሪግሬሽን መስመራቸው (በነጥቦቹ መሃል የሚሰመረው ቀጥታ መስመር)፣ 0.82 ገደማ የሆነው ኮሪሌሽናቸውም አንድ ዓይነት ነው። ሲሳሉ ግን አንዱ ጎባጣ፣ አንዱ በአንዲት ያፈነገጠች ነጥብ የተጎተተ ሆኖ ይገኛል። መጀመሪያ ሳሉት፣ ከዚያ አስሉት።

«ስናመሰግነው ሰነፈ፤ ስንቆጣው ነቃ»

ይህን የሚሉት አለቆች ናቸው፤ ተማሪውም ነገ አለቃ ይሆናል። የወሩ ምርጥ ሻጭ ተብሎ የተሸለመው በሚቀጥለው ወር ይወርዳል። መጨረሻ የወጣውና የተገሰጸው ደግሞ ይሻሻላል። አለቃው «ምስጋና ያበላሻል፣ ቁጣ ይሠራል» ብሎ ይደመድማል።

የአንድ ወር ሽያጭ ግን ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ዕድልም አለበት። አንደኛ የወጣው ሰው ችሎታ አለው፤ በዚያ ላይ የዚያ ወር ዕድሉ ሰምሮለታል። ችሎታው ለሚቀጥለው ወር ይከተለዋል፤ ዕድሉ ላይከተለው ይችላል። ስለዚህ ማንም ምንም ሳይለው እንኳ ወደ አማካዩ መጠጋቱ ይጠበቃል። የመጨረሻውም እንዲሁ ከታች ወደ ላይ ይጠጋል። ፍራንሲስ ጋልተን በ1886 ባወጣው ጥናት የወላጆችንና የልጆችን ቁመት አነጻጽሮ ይህንኑ አየ። በጣም ረጃጅም ወላጆች ያላቸው ልጆች በአማካይ ረጃጅም ናቸው፤ ግን የወላጆቻቸውን ያህል አይደሉም። «ሪግሬሽን» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ቁጣው ሠርቶ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ አለቃ፣ ዝቅተኛ ካመጡት ግማሾቹን በዕጣ ለይቶ ዝም ይበላቸው። እነሱም እኩል ከተሻሻሉ ጩኸቱ ባዶ ነበር። ውድ የሥልጠና ፕሮግራሞችም «ደካሞቹን አሠልጥነን ተሻሻሉ» ሲሉ ይኸው ጥያቄ ሊቀርብላቸው ይገባል።

«ሶፍትዌሩ ያወጣዋል»

ኤክሴልም ሆነ ኤስፒኤስኤስ የሰጣችሁትን ያሰላል፤ ትርጉም አለው ወይ ብሎ አይጠይቅም። መጠይቁ ላይ የክፍያ መንገድ 1 ጥሬ ገንዘብ፣ 2 ካርድ፣ 3 ሞባይል ተብሎ ከተሞላ፣ አማካይ 2.1 ብሎ ያወጣላችኋል። 2.1 ግን የክፍያ መንገድ አይደለም። እዚህ የሚያስፈልገው ስንቱ በየትኛው እንደከፈለ በመቶኛ መቁጠር ነው።

ሌላው ደግሞ ባዶ መልስ ነው። ዕድሜያቸውን ያልሞሉ ሰዎች አንዳንዴ በ999 ይመዘገባሉ። ከ100 ሰው የ95ቱ አማካይ ዕድሜ 30 ሆኖ 5ቱ 999 ተብለው ከገቡ፣ ሶፍትዌሩ የደንበኞቻችሁ አማካይ ዕድሜ 78.45 ነው ይላል። ለወጣቶች ልብስ የሚሸጥ ድርጅት ከሆነ ቶሎ ይነቃበታል። ኮዱ 99፣ ያልሞሉት ደግሞ ሁለት ብቻ ቢሆኑ ግን አማካዩ ከ30 ወደ 31.4 ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ማንም አያየውም። ስለዚህ ማንኛውንም ፈተና ከመሥራታችሁ በፊት የእያንዳንዱን አምድ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር እዩ፤ ሂስቶግራሙንም ሳሉ።