ኢንዳይሬክት ስፒች ምንድን ነው? «እመጣለሁ አለኝ» በእንግሊዝኛ ለምን አይሄድም?

«አበበ ነገ እመጣለሁ አለኝ» ብላችሁ የሚመጣው ማን እንደሆነ የሚጠይቃችሁ የለም። አበበ ነው። ቃሉ ከእናንተ አፍ ቢወጣም «እመጣለሁ» የአበበ ነው። ይህንኑ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ወስዶ «አበበ ሴድ አይ ዊል ካም ቱሞሮ» የሚል ሰው ግን አበበን አስቀርቶ ራሱን መንገድ አስጀምሯል። ሰሚው የሚረዳው «እኔ ነገ እንደምመጣ አበበ ተናገረ» ብሎ ነው። በእንግሊዝኛ ክፍል ዳይሬክት ስፒችን ወደ ኢንዳይሬክት ስፒች መቀየር የሚባለው ትምህርት አንዱ ጥቅሙ ከዚህ ዓይነቱ ስህተት ማዳን ነው።

ዳይሬክት ስፒች፣ ማለትም ቀጥተኛ ንግግር፣ የሰውየውን ቃል ሳይነኩ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፦ አበበ ሴድ፣ «አይ ዊል ካም ቱሞሮ»። ኢንዳይሬክት ስፒች ደግሞ፣ ሪፖርትድ ስፒችም ይሉታል፣ ጥቅሱን አንስቶ ነገሩን ወሬውን የሚያደርሰው ሰው በቆመበት ቦታና ጊዜ መናገር ነው፦ «አበበ ሴድ ዛት ሂ ውድ ካም ዘ ኔክስት ደይ»። «አይ» ወደ «ሂ»፣ «ዊል» ወደ «ውድ»፣ «ቱሞሮ» ወደ «ዘ ኔክስት ደይ» ዞሯል። ሦስቱም የዞሩት በአንድ ምክንያት ነው፤ አሁን የሚናገረው ሰው አበበ አይደለም፣ አሁን ያለው ቀንም አበበ የተናገረበት ቀን አይደለም።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ በዓለም የቋንቋ ጥናት ውስጥ ስም አለው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ካፕላን «እኔ» የሚለው ቃል ከአፉ ከሚያወጣው ሰው ሌላ ማንንም አያመለክትም፣ ይህን ሊያስቀይር የሚችል ቃል ቢኖር «ጭራቅ» ይባል ነበር፣ ግን የለም የሚል ክርክር አንስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳዊው የቋንቋ ተመራማሪ ፊሊፕ ሽሌንከር ለጭራቆቹ ጥብቅና ቆሞ ጻፈ። ካቀረባቸው ማስረጃዎች ዋነኛው ከአማርኛ የተወሰደ ነው፦ «ጆን ጀግና ነኝ ይላል»። ጀግናው ጆን ነው እንጂ ወሬውን የሚያወራው አይደለም።

ጥቅስ እስከሆነ ድረስ ምን ይደንቃል ይባል ይሆናል። እንግዲህ ይህን እዩት፦ «አበበ ምን እገዛለሁ አለ?» «ምን» ብሎ የሚጠይቀው እኔ ነኝ፤ አበበ ምንም አልጠየቀም። «እገዛለሁ» ግን የእሱ ነው። የእኔ ጥያቄና የእሱ «እኔ» በአንድ ትንፋሽ ተቀላቅለዋል። ንጹሕ ጥቅስ ቢሆን ጥያቄዬ ጥሶ ሊገባበት አይችልም ነበር። በ«አለ» የምናወራው ወሬ እንግዲህ ሙሉ ጥቅስም አይደለም፣ እንግሊዞች ኢንዳይሬክት የሚሉትም አይደለም፤ መሐል ቤት ነው። እንግሊዝኛ ይህ መሐል ቤት የለውም፤ ወይ መጥቀስ ነው ወይ መቀየር። ያው ጥያቄ በእንግሊዝኛ «ዋት ዲድ አበበ ሴይ ሂ ውድ ባይ?» ይሆናል።

ደግነቱ አማርኛ ሁለተኛ መንገድም አለው። «እመጣለሁ አለኝ» ለማለት «እንደሚመጣ ነገረኝ» ማለትም ይቻላል፤ እዚህኛው ላይ የ«እመጣለሁ» «እ» ቀርቶ በ«ሚ» ውስጥ የተዋጠ «ይ» ገብቷል፣ ማለትም ባለቤቱ ልክ እንደ እንግሊዝኛው «ሂ» ሆኗል። በእኔ እምነት አማርኛ ተናጋሪ ሕጉን ሁሉ ከመሸምደዱ በፊት ሊለምደው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ በሐሳቡ ያለውን «አለ» መጀመሪያ በአማርኛው ወደ «እንደ» ይቀይር፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ይግባ። ግማሹ ሥራ እዚያው አለቀ።

ትእዛዝ ሲሆን «እንደ» ቦታውን ለ«እንድ» ይለቃል። «በሩን ዝጋ አለኝ» ማለት «በሩን እንድዘጋ ነገረኝ» ነው፤ እንግሊዝኛውም በዚያው ልክ «ዛት»ን ትቶ «ቱ» ይላል፦ «ሂ ቶልድ ሚ ቱ ክሎዝ ዘ ዶር»። «አትዝጋ» ከሆነ «እንዳልዘጋ»፣ በእንግሊዝኛ «ኖት ቱ ክሎዝ»። አዎ ወይም አይ ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ደግሞ በ«እንደሆነ» ይያዛል። «ርቦሃል? አለችኝ» የሚለው «ርቦኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ» ይሆንና እንግሊዝኛው «ሺ አስክድ ሚ ኢፍ አይ ወዝ ሀንግሪ» ይላል። «ዌዘር» ብትሉም ያው ነው።

«የት»፣ «መቼ»፣ «ለምን» ያለባቸው ጥያቄዎች ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» ተብዬ ነበር ለማለት «ሺ አስክድ ሚ ዌር ዲድ አይ ሊቭ» የሚል መልስ በፈተና ላይ እንደ ወጥመድ የሚቀመጥ ነው። ትክክሉ «ሺ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ» ነው። ጥያቄው ወሬ ስለሆነ «ዱ» እና «ዲድ» ይወጣሉ፣ ባለቤቱ ከግሱ ፊት ይቀመጣል፣ የጥያቄ ምልክቱም ይቀራል። «የት እንደምኖር ጠየቀችኝ» ስንል እኛስ መቼ የጥያቄ ምልክት እናደርጋለን?

የግሱ ጊዜ ላይ ግን «እንደ» አያድነንም። «እንደሚመጣ ነገረኝ» ብንልም «እንደሚመጣ ይነግረኛል» ብንልም «እንደሚመጣ» ንቅንቅ አይልም። እንግሊዝኛ ግን ወሬውን አድራሹ ግስ እንደ «ሴድ» ኃላፊ ከሆነ የውስጡን ግስ አንድ እርምጃ ወደኋላ ይጎትተዋል። «አም» ወደ «ወዝ»፣ «ዊል» ወደ «ውድ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ»፣ «ሜይ» ወደ «ማይት» ይሄዳል፤ ግዴታን የሚገልጸው «መስት» አብዛኛውን ጊዜ «ሃድ ቱ» ይሆናል። ቀድሞውኑ ኃላፊ የነበረው ወደ ፓስት ፐርፌክት ይወርዳል፦ «አይ ሎስት ማይ ፎን» ያለው ሰው ወሬው ሲደርስ «ሂ ሴድ ዛት ሂ ሃድ ሎስት ሂዝ ፎን» ይባልለታል። ከፓስት ፐርፌክት በኋላ መውረጃ ስለሌለ እሱ ባለበት ይቆያል፤ «ውድ»፣ «ኩድ»፣ «ማይት» እና «ሹድ»ም እንደዚያው።

አድራሹ ግስ «ሴይዝ» ከሆነ ምንም አይጎተትም። ነገሩ ዛሬም እውነት ከሆነም ባለበት መተው ይቻላል፤ አስተማሪው መሬት በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር ከነገረን «ዘ ኧርዝ ጎዝ» ማለት ትክክል ነው፣ መሬት መዞሯን አላቆመችምና። የቀን ቃላትም በጭፍን አይቀየሩም። አበበ ጠዋት «ቱሞሮ» ብሎኝ እኔ ከሰዓት በኋላ ባወራው ነገው ያው ነገ ነው፤ ሳምንት ቆይቼ ባወራው ግን «ዘ ኔክስት ደይ» ግድ ነው። የሰዋስው መልመጃዎች ሁልጊዜ ጊዜው እንዳለፈ ስለሚቆጥሩ «ቱደይ»ን ወደ «ዛት ደይ»፣ «ሂር»ን ወደ «ዜር»፣ «አጎ»ን ወደ «ቢፎር» ቀይሩ ይላሉ። ለፈተና እሺ፤ ለወሬ ግን ቀን መቁጠር ይሻላል።

«ሂ ሴድ ሚ» የሚለው ስህተት ደግሞ ቀጥታ ከ«አለኝ» የመጣ ነው። በአማርኛ «ኝ»ን ለ«አለ»ም ለ«ነገረ»ም እንለጥፋለን። በእንግሊዝኛ ሰሚውን አስከትሎ የሚመጣው «ቶልድ» ነው፦ «ሂ ቶልድ ሚ»። «ሴድ» ሰሚ ካስፈለገው «ቱ» ይጨምራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ያለ ሰሚ ይሄዳል።

ኢንዳይሬክት ስፒች ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት ግን አይደለም። «አበበ ለከበደ አልፌያለሁ አለው» ሲባል ያለፈው አበበ ነው፤ «አልፈሃል አለው» ሲባል ከበደ። «አበበ ቶልድ ከበደ ዛት ሂ ሃድ ፓስድ» ሲባል ግን ማን እንዳለፈ እንግዲህ ፈልጉ። የእኛው «እንዳለፈ ነገረው»ም በዚህ በኩል አያስመሰግንም፤ እዚህ ላይ «አለ» በግልጽ ይበልጣል። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩ አስተርጓሚዎች ኢንዳይሬክት ስፒች የማይጠቀሙትም የሰውየው ቃል እንዳይደበላለቅና እንዳይቀየር ነው። ምስክሩ «አላየሁም» ካለ አስተርጓሚው «አይ ዲድ ኖት ሲ» ይላል እንጂ «ሂ ሴድ ዛት ሂ ሃድ ኖት ሲን» አይልም። ከአማርኛ ለሚያስተረጉም ሰው ይህ ሕግ ቀላል መሆን አለበት፤ ዕድሜ ልኩን ሲያወራበት የኖረው መንገድ ነው።

አንዳንዱን ንግግር ደግሞ ቃሉን ትቶ ድርጊቱን መንገር ነው የሚያዋጣው። «ታንክ ዩ» ያለን ሰው «ሂ ሴድ ዛት ታንክ ዩ» ማለት አይሆንም፤ «ሂ ታንክድ ሚ»፣ አመሰገነኝ፣ ይበቃል። ይቅርታ ያለው «አፖሎጃይዝድ»፣ እምቢ ያለው «ሪፊዩዝድ»። «እናቴ ትሙት አልወሰድኩም» ያለው ደግሞ «ሂ ስዎር ዛት ሂ ሃድ ኖት ቴክን ኢት»፤ እናትየውን እንግሊዝኛ ድረስ ማንገላታት አያስፈልግም።