ፕሪ ኦርደር ላድርግ ወይስ ልጠብቅ? ስለ ሲሙሌሽን ጌሞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ በፒሲ ጌም የሚጫወት ወጣት ብዙ ነው። አብዛኛው ኳስ ነው የሚጫወተው። ከተማ የሚገነባ፣ አውሮፕላን የሚያበር፣ መንኮራኩር የሚያስወነጭፍም ግን አይጠፋም። ማራኪ ግቢ አካባቢ ላፕቶፕ ከፍተው የተቀመጡ ተማሪዎችን ጠይቁ። ቢያንስ አንዱ የሲሙሌሽን ጌም ወዳጅ ነው።

የሚወዱት ጌም ሁለተኛ ክፍል ሊወጣ ነው ሲባል ታዲያ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ከመውጣቱ በፊት ከፍሎ መያዝ፣ ማለትም ፕሪ ኦርደር ማድረግ፣ ያዋጣል ወይ? የኔ መልስ አብዛኛውን ጊዜ "ቆዩ" ነው። ለአንድ ጌም 50 ዶላር እዚህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚከፈለው ውጭ አገር ባለ ዘመድ የባንክ ካርድ ነው። ጓደኛ ስለገዛ ብቻ የሚገዛ ነገር አይደለም። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እስቲ እንያቸው።

"የመጀመሪያው ግሩም ነበር፤ ሁለተኛው የግድ ይበልጣል"

ለዚህ ከተማ ከሚገነባበት ጌም ከሲቲስ ስካይላይንስ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ወጣ። የሠራው ኮሎሳል ኦርደር የተባለ የፊንላንድ ስቱዲዮ ነው፤ ያሳተመው የስዊድኑ ፓራዶክስ ነው። ከተማ መገንባት የሚወድ ሁሉ ወደደው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 2023 ሲወጣ ግን ውድ ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ሳይቀር ይንቀራፈፍ ነበር። ከሩቅ የሚታዩ ሰዎችና ዕቃዎች ቀለል ባለ ቅርጽ መተካት ነበረባቸው። ብዙዎቹ ግን ከነሙሉ ዝርዝራቸው ይሳሉ ነበር። ግራፊክስ ካርዱ ዓይን የማያየውን ነገር ሲስል ጉልበቱ ያልቃል።

ለስቱዲዮው ግን አንድ ነገር መመስከር አለብኝ። ጌሙ ሊወጣ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ያቀድነው የአፈጻጸም ደረጃ ላይ አልደረስንም ብሎ በይፋ ተናግሯል። ያልከፈለ ሰው ይህን ሰምቶ በእርጋታ ወሰነ። ወራት ቀደም ብሎ ከፍሎ ዜናውን መከታተል የተወው ግን የመውጫው ቀን ደረሰበት።

አንድ ነገር እንረሳለን። የመጀመሪያውን ክፍል የምናውቀው ከብዙ ዓመት እርማትና ጭማሪ በኋላ ነው። ሁለተኛው የሚመጣው ገና ከመነሻው ነው። ከዚያ ጋር ማወዳደር ትክክል አይደለም፤ ስንከፍል ግን የምናወዳድረው ከዚያ ጋር ነው።

መንኮራኩር የሚወነጨፍበት ከርባል ስፔስ ፕሮግራም 2 ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ገና ሳያልቅ በ50 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ስሙ ፕሪ ኦርደር ባይሆንም ገዢው የከፈለው ለተስፋ ነው። በከዋክብት መካከል መጓዝ፣ በሌላ ፕላኔት ላይ መስፈር፣ ከጓደኛ ጋር አብሮ መጫወት ይመጣሉ ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የስቱዲዮው ሠራተኞች ተቀነሱ፣ ሥራውም ቆመ። ሦስቱም አልመጡም።

"ኮምፒውተሬ ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟላል"

መጀመሪያ፣ መስፈርቱ ራሱ ይቀየራል። የሲቲስ ስካይላይንስ 2 ፕሪ ኦርደር ሲከፈት ዝቅተኛው ግራፊክስ ካርድ ጂቲኤክስ 780 ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሊወጣ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ወደ ጂቲኤክስ 970 ከፍ አለ። የሚመከረው ደግሞ ከአርቲኤክስ 2080 ቲአይ ወደ አርቲኤክስ 3080 ተሸጋገረ። ቀድሞ የከፈለ ሰው የከፈለው በአሮጌው ዝርዝር ተማምኖ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። "ዝቅተኛ" ማለት ይከፈታል ማለት ነው፤ ደስ ይላል ማለት አይደለም። ሲሙሌሽን ላይ ደግሞ ጌሙ በተጫወታችሁት ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። 2,000 ሕዝብ ያላት ከተማ ላይ ሁሉም ነገር ይፈጥናል። ሕዝቡ 100,000 ሲደርስ እያንዳንዱ ሰው ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገበያ መንገዱን ይፈልጋል። ያንን ሁሉ የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው። ፒያሳ ላይ ያገለገለ ፒሲ ሲሸጥ ሻጩ የሚያወራው ስለ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ከተማ መገንባት የምትወዱ ከሆነ ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ራሙ ጠይቁ። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደሚሞቅ እዩ፤ ሲሞቅ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ከማስታወቂያ ቪዲዮ ማወቅ አይቻልም። የናንተን ዓይነት ማሽን ያለው ሰው ትልቅ ከተማ ገንብቶ ሲያሳይ ማየት ያስፈልጋል። ያ ቪዲዮ የሚኖረው ጌሙ ከወጣ በኋላ ነው።

"ካልተመቸኝ ብሬን አስመልሳለሁ"

ግማሹ እውነት ነው። ጌም በኢንተርኔት በሚሸጥበት በስቲም መደብር ላይ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት በማንኛውም ጊዜ ገንዘባችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ። ከወጣ በኋላ 14 ቀን አላችሁ፤ ግን የተጫወታችሁት ከ2 ሰዓት በታች መሆን አለበት። ከሌላው ሰው ቀድሞ መጫወት የሚያስችል ውድ ጥቅል ከገዛችሁ፣ ከመውጫው ቀን በፊት የተጫወታችሁት ሰዓትም ይቆጠራል። ይህ ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ጀምሮ ነው።

ለተኩስ ጌም 2 ሰዓት በቂ ነው። ለሲሙሌሽን ግን መለማመጃውን እንኳ አያስጨርስም። ጉድለቱም ከዚያ ወዲያ ነው የሚገኘው። ሲቲስ ስካይላይንስ 2 መጀመሪያ ላይ ከተማችሁ ወጪዋን መሸፈን ሲያቅታት መንግሥት ድጎማ ይሰጣት ነበር። ግብር ብታዛቡ፣ መንገድ ብታባክኑ፣ ከተማዋ አትወድቅም። እንግዲህ የከተማ አስተዳዳሪ ሆኖ የመጫወት ትርጉሙ ምንድን ነው? ስህተት የሚያስከፍለው ነገር ከሌለ ጥሩ ሥራም ዋጋ የለውም። ተጫዋቾች ይህን የደረሱበት ብዙ ሰዓት ከተጫወቱ በኋላ ነው። ስቱዲዮው ድጎማውን አንስቶ ኢኮኖሚውን ያስተካከለው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ነው፤ ስምንት ወር አልፎ። በ2 ሰዓት ውስጥ ይህን ማየት የሚችል ሰው የለም።

ለኛ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። 14 ቀኑ መቆጠሩን የሚያቆመው ነገር የለም፤ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ተቋረጠ አይልም። ሲቲስ ስካይላይንስ 2 በወጣበት በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የቤት መስመር የሌለው ሰው በዚያን ጊዜ ጌሙን አውርዶ ሊሞክረው ቀርቶ ገጹንም መክፈት አይችልም ነበር።

ሌላው የዘመድ የባንክ ካርድ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ያለ ወንድማችሁ በስጦታ ከላከላችሁ፣ ጌሙ ሲመለስ ገንዘቡ የሚገባው ለሱ ነው። እናንተ ብሩን እዚህ ለቤተሰብ ሰጥታችሁ ከሆነ ሌላ ሂሳብ ይከተላል። ከስቲም ውጭ ከመካከለኛ ሰው የተገዛ ኮድ ከሆነ ደግሞ ስቲም አይመልስም። ሻጩን ፈልጎ መለመን ነው። ሰው ከመክፈሉ በፊት ይህንን ቢያውቅ እመኛለሁ።

"ዶላር እየጨመረ ስለሆነ ዛሬ መግዛት ይሻላል"

ይህ ስጋት መሠረት አለው፤ ማንም እንዲያጣጥለው አልፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 2,850 ብር የነበረ የ50 ዶላር ጌም ከ5,000 ብር በላይ ሆነ።

ነገር ግን የጌም ዋጋ በዶላርም ይወርዳል። የመጀመሪያው ሲቲስ ስካይላይንስ ስቲም ላይ በ70 ከመቶ ቅናሽ በተደጋጋሚ ተሽጧል። ጌሙ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥበትን ጊዜ ብትጠብቁ፣ እናንተ የምትከስሩት ዶላሩ በዚያ መሃል ከእጥፍ በላይ ከጨመረ ብቻ ነው። እንደዚያ ዓይነት ዝላይ በየዓመቱ አይመጣም፤ ቅናሽ ግን በየዓመቱ ይመጣል። የገንዘቡ ዋጋ ካሳሰባችሁ ራም ግዙበት። ራም ለሚመጣው ጌም ሁሉ ያገለግላል።

"ፕሪ ኦርደር ካደረግኩ ቀድሜ አውርጄ በመጀመሪያው ቀን እጫወታለሁ"

አንዳንዱ ጌም ቀድሞ እንዲወርድ ይፈቀዳል፣ አንዳንዱ አይፈቀድም። ቢፈቀድም በመጫወቻው ቀን ሌላ አፕዴት ይመጣል። ሂሳቡን ሥሩት። ሲቲስ ስካይላይንስ 2 የሚጠይቀው ባዶ ቦታ 60 ጊጋባይት ነው። ያንን ያህል ፋይል መስመራችሁ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ሳይዋዥቅ ከሰጣችሁ 13 ሰዓት ይፈጃል። 4 ሜጋቢት ከሆነ ከ33 ሰዓት በላይ።

ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 ላይ ደግሞ ቀድሞ ማውረድም ብዙ አይጠቅምም። መሬቱን፣ ተራራውን፣ ከተማውን የሚያመጣው እየበረራችሁ ከኢንተርኔት ነው። ዝቅተኛው በሰከንድ 10 ሜጋቢት ሲሆን የሚመከረው 50 ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 2024 ሲወጣ ሰርቨሮቹ ተጨናንቀው፣ ቀድሞ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል በር ላይ ቆመ። ሠሪዎቹ 200,000 ተጠቃሚ አስመስለው ሞክረው ነበር፤ የመጣው ሰው ግን ከዚያ በላይ ሆነ። ከአዘዞ ተነስቶ በጣና ላይ መብረር የማይመኝ የበረራ ጌም ወዳጅ እዚህ የለም። እኔም እመኛለሁ። ግን በዚህ ጌም ላይ ከግራፊክስ ካርዱ በፊት መፈተሽ ያለበት የቤታችሁ መስመር ነው፤ ምሽት ላይ፣ ሁሉም ሰው ሲጠቀም።

"ቦነሱ ያመልጠኛል፤ ትልቁ ጥቅል ያዋጣል"

ዲጂታል ጌም አያልቅም። ቦነሱ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሕንፃ ወይም አንድ ካርታ ነው። ትልቁ ጥቅል ደግሞ ገና ላልተሠራ ነገር መክፈል ነው። የሲቲስ ስካይላይንስ 2 የ90 ዶላር ጥቅል የወደብና የድልድይ ጭማሪ ይዞ ነበር። ጭማሪው በ2024 ይወጣል ተብሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ነው። የባሕር ዳርቻ ቤቶች ጭማሪው ደግሞ ከተጫዋቾች ብርቱ ቅሬታ ስለመጣበት ለብቻው ለገዙት ገንዘቡ ተመልሶ ለሁሉም በነጻ ተሰጠ።

"ሞዶቼን ይዤ እሻገራለሁ"

ሞድ ማለት ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር ነው፤ አይሻገርም። ሁለተኛው ክፍል በሌላ ኮድ የተሠራ ነው፤ ለመጀመሪያው የተሠራ ሞድ አይሠራበትም። ይህ ነጥብ ለጎንደር ልጅ ይከብዳል። ብዙዎቻችን የምንፈልገው የራሳችንን ከተማ መገንባት ነው፦ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለውን ከፍታ፣ መሃሉ ላይ የፋሲል ግቢን፣ ከታች ወደ አዘዞ የሚወርደውን መንገድ። ለዚያ የካርታ መሥሪያ ያስፈልጋል። ሲቲስ ስካይላይንስ 2 ሲወጣ ያ መሣሪያ አብሮ አልነበረም። የመጣው ከአምስት ወር ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024፣ እሱም በሙከራ ደረጃ ነው። በመጀመሪያው ቀን ገዝቶ የጎንደርን ዳገት ልሥራ ያለ ሰው እጁን አጣጥፎ ጠበቀ።

"ፕሪ ኦርደር የሚያደርግ ሁሉ ሞኝ ነው"

ይህም ልክ አይደለም፤ ንግግሩም ሰው ያስቀይማል። ነጻ የሙከራ ቅጂ ወጥቶ በራሳችሁ ማሽን ላይ ካያችሁት፣ በስቲም ቦርሳችሁ ውስጥ ሌላ ሥራ የሌለው ገንዘብ ካለ፣ ቅናሹም ለቀደሙ ገዢዎች ብቻ ከሆነ፣ ፕሪ ኦርደር ምክንያታዊ ነው። እንደ እርሻ ጌሙ ፋርሚንግ ሲሙሌተር በየክፍሉ ብዙ የማይለወጥ ጌምም አለ። የበፊቱን ለዓመታት የተጫወተ ገበሬ ምን እንደሚገዛ ያውቃል።

ይህን ከመረጣችሁ በራሳችሁ አካውንት ከስቲም ግዙ። ጌሙ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መስፈርቱን እንደገና አንብቡ፣ ስቱዲዮው ያለውንም ተመልከቱ። አንዳች ነገር ካልጣማችሁ ከመውጫው ቀን በፊት አስመልሱ። ቀድሞ የሚያጫውተውን ውድ ጥቅል ካልገዛችሁ በቀር ያኔ ስንት ሰዓት ተጫወትክ ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም።