ውጭ አገር እየሠሩ ለአገር ቤት ማኅበራዊ ዋስትና መክፈል

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ሲሠራ ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው ያውቃል። የጡረታ መዋጮው የት እንደሚገባ ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ለአገሩ ነው? ለሚሠራበት አገር? ለሁለቱም? ወይስ ለማንም? አራቱም በተግባር ያጋጥማሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ደንብ ቀላል ነው። መዋጮ የሚከፈለው ሥራው በሚሠራበት አገር ነው። የፓስፖርቱ ቀለም ወይም ደመወዙ የሚገባበት ባንክ ለውጥ አያመጣም። ጣጣው የሚጀምረው የትውልድ አገርም «ሰውዬው የኔ ነው» ሲል ነው። አሜሪካን እንይ። አሜሪካዊ ዜጋ ለአሜሪካ ኩባንያ ውጭ ሄዶ ቢሠራ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) መዋጮው አይቆምም። የግል ሥራ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የሠራተኛውንም የአሠሪውንም ድርሻ እሱ ነው የሚችለው፤ የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ሲጨመርበት 15.3 በመቶ ይደርሳል። ውጭ ለሚኖሩ ዜጎች የሚሰጠው የገቢ ግብር እፎይታ ይህን መዋጮ አይነካውም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ውዝፉ ሲመጣበት ነው።

እንዲህ ያለውን ድርብ ክፍያ ለማስቀረት አገሮች እርስ በርስ ይዋዋላሉ። ፈረንሳይና ጣሊያን በ1904 የተፈራረሙት ውል ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1962 ባወጣው 118ኛ ስምምነት የውጭ ዜጎች ከአገሬው ሠራተኛ እኩል እንዲታዩ፣ በ1982 ባወጣው 157ኛ ስምምነት ደግሞ መብታቸው ድንበር ሲሻገሩ እንዳይጠፋ ደንግጓል። አሜሪካ የመጀመሪያውን ውሏን ተግባራዊ ያደረገችው ከጣሊያን ጋር በ1978 ነው።

ውሎቹ ሁለት ሥራ ይሠራሉ። አንደኛው ተልኮ የሚሠራ ሰውን ይመለከታል። ኩባንያው ለተወሰነ ጊዜ ወደ ሌላ አገር የላከው ሠራተኛ በአገሩ ሥርዓት ውስጥ ይቆያል፤ የሄደበት አገር መዋጮ አይጠይቀውም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ይህ እስከ 24 ወር ይፈቀዳል። አሜሪካ ባደረገቻቸው ውሎች አብዛኛውን ጊዜ እስከ አምስት ዓመት ነው። ዝም ብሎ የሚገኝ መብት ግን አይደለም። ከላኪው ኩባንያ ጋር ያለው የሥራ ግንኙነት መቀጠል አለበት። በአውሮፓ ደግሞ የተላከው ሰው ጊዜው ያለቀበትን ሌላ ተላኪ ለመተካት መሄድ አይችልም። ይህ ክልከላ ባይኖር ኖሮ አንድ ኩባንያ በየሁለት ዓመቱ ሰው እየቀያየረ አንዱን የሥራ ቦታ ለዘለዓለም በርካሽ መዋጮ ሊይዘው ይችል ነበር።

የዚህ ሁሉ ማስረጃ አንድ ወረቀት ናት። በአውሮፓ ኤ1 ትባላለች። በሌሎች ውሎች የሽፋን ምስክር ወረቀት ነው የምትባለው። የምትሰጠው መዋጮውን የሚሰበስበው አገር ነው፤ የምትታየው ግን ሥራው ባለበት አገር ነው። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ተቆጣጣሪዎች ግንባታ ቦታ ድረስ መጥተው ይጠይቋታል። ስለዚህ ከመሄድ በፊት ማውጣቱ ይሻላል። በኋላም ማውጣት ይቻላል፤ ግን እስኪመጣ ድረስ ክርክሩ ያው ከሠራተኛው ጋር ነው።

ቤት ሆኖ መሥራት ደንቡን አስጨንቆታል። ሰውዬው አንድ አገር ተቀምጦ ለሌላ አገር ኩባንያ በኮምፒውተር ቢሠራ፣ ሥራው «የሚሠራበት» አገር የትኛው ነው? በደንቡ መሠረት የተቀመጠበት አገር ነው። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ግን በርካታ የአውሮፓ አገሮች የተለየ ስምምነት አላቸው። ሠራተኛው ከሥራ ጊዜው ከግማሽ በታች የሆነውን ከቤቱ የሚሠራ ከሆነ፣ ሲጠየቅ በአሠሪው አገር ሥርዓት ሊቆይ ይችላል።

የውሎቹ ሁለተኛው ሥራ ዘመን መደመር ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ግምት ብዙ ነው። ብዙዎች መዋጮው ራሱ ከአገር ወደ አገር የሚዛወር ይመስላቸዋል። ገንዘቡ ባለበት ይቀመጣል፤ የሚደመሩት ዓመታቱ ናቸው። አንድ ሰው በአንደኛው አገር 6 ዓመት፣ በሌላው 8 ዓመት ከፈለ እንበል። ሁለቱም አገሮች ለጡረታ ቢያንስ 10 ዓመት ይጠይቃሉ። ለየብቻቸው ሲታዩ ሰውዬው ከየትም ምንም አያገኝም። ውል ካለ ግን 14 ዓመት ይባልለታል። የመጀመሪያው አገር 14ቱንም ዓመት እዚያ እንደሠራ አድርጎ አበሉን ያሰላና ከ14 እጅ 6ቱን ይከፍላል። ሌላውም 8ቱን ይከፍላል። በእኔ አስተያየት የነዚህ ውሎች ትልቁ ጥቅም ይኸ ነው፤ ኩባንያዎች የሚያወሩት ግን ስለ መጀመሪያው ነው፤ ወጪ የሚቀንስላቸው እሱ ስለሆነ።

ውል በሌለበት ሠራተኛው ለብቻው ነው። ሕንድ ከጀርመን፣ ከቤልጂየምና ከጃፓን ጋር ውል አላት፤ ከአሜሪካ ጋር ግን የላትም። በኤች-1ቢ፣ ማለትም ለባለሙያዎች በሚሰጥ ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ፣ አሜሪካ የሚገባ ሕንዳዊ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዋጮ ይቆረጥበታል። ለጡረታ ግን 40 ነጥብ፣ ማለትም የ10 ዓመት ሥራ ያስፈልጋል። ቪዛው በመደበኛው ከስድስት ዓመት አያልፍም። ግሪን ካርድ ሳያገኝ የተመለሰ ሰው የከፈለው እዚያው ይቀራል።

አንዳንድ አገሮች ለሚሄድ ሰው ከመዋጮው ይመልሳሉ። ጃፓን ቢያንስ ስድስት ወር ከፍሎ ለወጣ የውጭ ዜጋ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ካመለከተ ጠቅለል አድርጋ ትሰጠዋለች። ያንን ገንዘብ የወሰደ ሰው ግን እነዚያ ዓመታት ተሰርዘውበታል፤ በኋላ መደመር የለም። አገሩ ከጃፓን ጋር የመደመር ውል ካላት ከመፈረሙ በፊት ቢያስብበት ይሻላል። በጀርመን ከአምስት ዓመት በታች የከፈለ ሰው እንደየዜግነቱ ተመላሽ ሊጠይቅ ይችላል። ከወጣ በኋላ 24 ወር መጠበቅ አለበት፤ የሚመለስለትም የራሱ ድርሻ ብቻ ነው።

ሌላው መንገድ ከውጭ ሆኖ ለአገር በቀጥታ መክፈል ነው። ፊሊፒንስ በዚህ ከብዙዎች ቀድማለች። በ2019 የጸደቀው ሕግ ውጭ የሚሠሩ ዜጎች ዕድሜያቸው ከ60 እስካላለፈ ድረስ የአገሪቱ ማኅበራዊ ዋስትና ግዴታ አባል እንዲሆኑ አድርጓል። ከ2025 ጀምሮ መዋጮው 15 በመቶ ነው፤ የወር ጡረታ ለማግኘት ደግሞ የ120 ወር መዋጮ ያስፈልጋል። መርከበኛ ከሆነ ድርሻውን ከቅጥር ኤጀንሲው ጋር ይካፈላል። የቤት ሠራተኛዋ ወይም ግንበኛው ውል በሌለበት አገር ካሉ ግን ሁለቱንም ድርሻ ከኪሳቸው ይከፍላሉ። የውጭ አሠሪን ማስገደድ ስለማይቻል ሸክሙ ሠራተኛው ላይ ወደቀ። ይህን ፍትሐዊ ነው ማለት ይከብዳል።

ፈረንሳይ ውጭ ለሚኖሩ ዜጎቿ ለብቻው የተቋቋመ የፈቃደኝነት መድን አላት። የባሕረ ሰላጤው ስድስት አገሮች ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ያልተለመደ ነገር ያደርጋሉ። አንድ ኩዌታዊ ዱባይ ሲሠራ መዋጮው ለኩዌት ይገባል፤ የዱባይ አሠሪው ድርሻውን ይከፍላል። ይህ ግን ለእነሱ ዜጎች ብቻ ነው። ሌላው የውጭ ሠራተኛ በአብዛኛው ተስፋ የሚያደርገው ሥራ ሲለቅ የሚሰጠውን የአገልግሎት ክፍያ ነው።

በብሪታንያ ሙሉ የመንግሥት ጡረታ 35 ዓመት ይጠይቃል፤ ዝቅተኛው 10 ነው። ውጭ ያለ ሰው መስፈርቱን ካሟላ የጎደሉትን ዓመታት በፈቃዱ ሊሞላ ይችላል። ስሌቱ በአብዛኛው ያዋጣል። ነገር ግን ጡረታ ሲወጣ የት እንደሚኖር ቀድሞ ቢያስብ ጥሩ ነው። አሜሪካ ቢኖር አበሉ እንደ አገር ቤቱ በየዓመቱ ያድጋል። ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ቢኖር ግን መጀመሪያ በተቀበለው መጠን ላይ ይቆማል፤ 35ቱንም ዓመት ቢከፍል።