የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፊርማ እስከ የት ይሄዳል?

ኤፕሪል 2020 ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ፕሬዚዳንት ትራምፕ አንድ አዋጅ ፈረሙ። ኮሮና አሜሪካውያንን ሥራ አሳጥቷልና በአዲስ የኢሚግራንት ቪዛ ከውጭ ገብተው ግሪን ካርድ የሚያገኙ ሰዎች ለጊዜው ይቁሙ የሚል ነበር። ዲቪ የደረሳቸውም አብረው ታገዱ። ፎርሙን ሞልቶ፣ ዶክመንቱን አሟልቶ ኢንተርቪው የሚጠብቅ ሰው፣ አዲስ አበባም ይሁን ሌላ አገር፣ ባለበት ቀረ።

ዲቪ ግን የፕሬዚዳንት ስጦታ አይደለም። የአገሪቱ ሕግ አውጪ፣ ኮንግረስ፣ በ1990 ያወጣው ሕግ ነው። ታዲያ ኮንግረስ የሰጠውን አንድ ሰው በፊርማ እንዴት ይከለክላል? መልሱ ትንሽ ያስቃል፤ የፈቀደለት ራሱ ኮንግረስ ነው። በ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ውስጥ፣ የውጭ ዜጎች መግባት ለአገሪቱ ጥቅም ጎጂ ሆኖ ካገኘው ፕሬዚዳንቱ ማገድ ይችላል የሚል አንቀጽ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2018 ትራምፕ በአንዳንድ አገሮች ዜጎች ላይ የጣሉትን የጉዞ እገዳ 5 ለ 4 ሲያጸና የተደገፈው በዚሁ አንቀጽ ነው።

የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን ለመረዳት ከዚህ መነሳት ይሻላል ባይ ነኝ። በ1787 ፊላዴልፊያ ላይ የተጻፈው ሕገ መንግሥት የሰጠው ያን ያህል ብዙ አይደለም። የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ነው፤ በፌዴራል ወንጀል ምሕረት ያደርጋል፤ ሴኔቱ ከተስማማ ሚኒስትር፣ አምባሳደርና ዳኛ ይሾማል። የአገሪቱ ካዝና ቁልፍ ያለው ኮንግረስ እጅ ነው። ጦርነት ማወጅም የኮንግረስ ሥራ ነው፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ፤ በይፋ ያወጀው ለመጨረሻ ጊዜ በ1942 ሲሆን ኮሪያም ቬትናምም ኢራቅም ያለዚያ የተካሄዱ ናቸው። ዛሬ ዜና ላይ የምንሰማው የእገዳ፣ የማዕቀብ፣ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን በአብዛኛው ኮንግረስ በየዘመኑ እየቆረሰ ያስረከበው ነው።

መስጠቱ ቀላል ነበር፤ ማስመለሱ ነው ጣጣው። ኮንግረስ ሥልጣኑን የሚያስመልስ ሕግ ቢያወጣ ፕሬዚዳንቱ ቪቶ ያደርገዋል፣ ማለትም አልፈርምም ብሎ ይመልሰዋል፤ ያንን ለመሻር ደግሞ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ፍራንክሊን ሩዝቬልት 635 ጊዜ ቪቶ አድርገው የተሻረባቸው 9 ብቻ ነው። አንዳንዴ ግን ይሆናል። በ1986 ሬገን በአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ላይ ማዕቀብ የሚጥለውን ሕግ ውድቅ ሲያደርጉ፣ የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ጭምር ተነስተው ሻሩባቸው።

ፍርድ ቤት ሲያስቆም ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ የትሩማንን ታሪክ ይይ። ኤፕሪል 1952 ነው፣ የኮሪያ ጦርነት አላለቀም፣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ሰዓታት ቀርተዋል። ትሩማን ያለ ብረት ጦርነት የለም ብለው የንግድ ሚኒስትራቸውን ፋብሪካዎቹን ተረከብ አሉት። ባለቤቶቹ ከሰሱ። ጁን 2 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ፈረደባቸው፦ ይህን የሚፈቅድ ሕግ የለም። የሚገርመው፣ ዘጠኙንም ዳኞች የሾሟቸው ሩዝቬልትና ራሳቸው ትሩማን ነበሩ። ትሩማን ፋብሪካዎቹን መለሱ። አድማው ተጀመረና 53 ቀን ቆየ።

ፕሬዚዳንት ኒክሰንም ለወንጀል ምርመራ የተፈለጉትን፣ ንግግራቸው የተቀዳባቸውን ካሴቶች አስረክብ ተብለው በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 ከተፈረደባቸው በኋላ ሥልጣን ላይ 16 ቀን ብቻ ነው የቆዩት፤ ኦገስት 9፣ 1974 ለቀቁ። ኢምፒችመንት የሚባለው ትልቁ ዱላ፣ ኮንግረስ ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን ለማውረድ የሚከስበት መንገድ፣ ግን እስካሁን ማንንም ፕሬዚዳንት ከወንበሩ አላወረደም። አንድሩ ጆንሰንና ክሊንተን አንድ አንድ ጊዜ፣ ትራምፕ ሁለት ጊዜ ተከሰው ሁሉም ሴኔት ላይ አመለጡ፤ ጆንሰን በ1868 ያመለጡት በአንድ ድምፅ ነው። በ2024 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ፣ ፕሬዚዳንት በሕገ መንግሥታዊ ዋና ሥልጣኑ ለሠራው ሥራ በወንጀል አይጠየቅም ብሎ ወሰነ። እዚህ ላይ ልጓሙ ላላ።

ወደ ዲቪዎቹ ስንመለስ፣ ባለዕድሎቹ ዋሽንግተን ላይ ከሰሱ። የዲቪ ዕድል ሴፕቴምበር 30 ሲያልፍ ይቃጠላል፤ ዳኛው ደግሞ የእነሱን ጉዳይ አፋጥናችሁ ጨርሱ ብሎ ያዘዘው ሴፕቴምበር 4 ነው። ቀኑ አለቀባቸው። ጊዜው ቢያልፍም ቪዛቸው ይታይ የሚል ትዕዛዝ ተሰጠ፤ ትራምፕ ሄደው ባይደን መጡ፤ አዋጁም ተነሳ። ክርክሩ ግን አላበቃም። በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ቀኑ ካለፈ ፍርድ ቤትም ቢሆን ሊያራዝመው አይችልም፣ ቀኑን የቆረጠው ኮንግረስ ነው አላቸው።