«አልሐምዱሊላህ» ያለ ሁሉ ሕመሙ ለቀቀው ማለት አይደለም

በየዋርዱ ስለ ሕመም የሚባሉ፣ ግን የሚያሳስቱ አምስት አባባሎችን እንይ።

«ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው»

ወሎ ውስጥ ይሄ አይሠራም። ደሴም ሂዱ ወልዲያ፣ ትናንት ሆዳቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑ እናት «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ነው የሚሉት። ምስጋና ነው፤ ስለ ሕመማቸው ገና አልተናገሩም። ነርሷ ግን ካርዱ ላይ «ሕመም የለም» ብላ ጽፋ ወደ ቀጣዩ አልጋ ታልፋለች።

ምስጋናውን ተቀብሎ ጥያቄውን መቀጠል ነው። «እማማ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት? ይወጋል ወይስ ያቃጥላል? እስቲ ያስሉ።» ተኝተው ምንም ያላሉት ሴትዮ ሲያስሉ ቁስላቸውን በሁለት እጃቸው ጭምቅ አድርገው ከያዙ መልሱ ተገኘ። ሕመም ፈርቶ የማያስል ሰው አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀርና ለሳንባ ምች ይጋለጣል። አልነቃነቅም ያለ ደግሞ እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋበት ይችላል። ስለዚህ አስታማሚው «አብሽሪ፣ ቻል አድርጊው» ቢል ከፍቅር ነው፤ ነርስ እንዲያ ካለች ግን ሥራዋን ትታለች።

ለሕመማቸው ከ0 እስከ 10 ቁጥር መስጠት ለከበዳቸው «የለም፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ከባድ» ብሎ ማስመረጥ ይበቃል። ዋናው በየጊዜው በአንድ ዓይነት መለኪያ መጠየቅ ነው።

«ከጠያቂ ጋር እየሳቀ ምን ያመዋል?»

ጨዋታ ሕመምን ያስረሳል፣ አያጠፋም። የልብ ምትና የደም ግፊት ልክ መሆናቸውም ማስረጃ አይሆንም፤ ሰውነት ሕመሙን እየለመደ ሲሄድ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

«ሕፃን ሕመም አያውቅም»

በሀብታም አገሮች ሳይቀር እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጨቅላዎች በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ኦፕራሲዮን ይደረጉ ነበር። ዛሬ መናገር ለማይችል ሕፃን ፍላክ የሚባል መለኪያ አለ። ፊቱ፣ እግሩ፣ እንቅስቃሴው፣ ለቅሶውና ሲያባብሉት ዝም ማለቱ ይታያል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል፣ ድምሩ ከ10 ይያዛል።

«ሞርፊን ሱስ ያስይዛል»

ሞርፊን ኃይለኛ ማስታገሻ ነው፤ ለከባድ ሕመም፣ በሐኪም ትእዛዝና በክትትል፣ ለአጭር ጊዜ ሲሰጥ ይህ ስጋት ትንሽ ነው። የሚያሳስበው ትንፋሽን ማዘግየቱ ነው። በሽተኛውን ትንፋሹ ከመዘግየቱ በፊት ብዙውን ጊዜ እንቅልፍ ይጫነዋል። ጠርተውት ለመንቃት ከተቸገረ ቀጣዩ መርፌ ይቆይና ሐኪም ይጠራ። የሆድ ድርቀት ደግሞ አይቀርም፤ ለቀናት የሚወስድ ሰው ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዝለት።

«መርፌው ከተሰጠ ሥራው አለቀ»

ገና ግማሹ ነው! በደም ሥር ከተሰጠ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በአፍ ከተዋጠ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ተመልሶ መጠየቅ አለ። ይሄ እርምጃ በጣም ይዘለላል፣ ተረኛዋ ነርስ አንድ፣ ዋርዱ ብዙ ስለሆነ። ከባጃጅ ወድቆ እግሩ በጀሶ የታሰረ ልጅ ማስታገሻ ወስዶም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹንም ቀስ ብለው ሲዘረጉለት ከጮኸ፣ መጠን መጨመር መፍትሔ አይሆንም። እግሩ ውስጥ ግፊት ተፈጥሮ ጡንቻው ደም እያጣ ሊሆን ይችላል። በሰዓታት ውስጥ እግሩን ሊያሳጣው ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪሙ ይቀስቀስ።